ዘግይቶ የገባ ተጫዋች

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ ከአባሎቻችን አንዱ ያሰማው ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንተ ስፖርት ትወዳለህ፤ ስለ ስፖርት አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ፣ ሁላችሁም የምትጠብቁት ስለ አበበ ቢቂላ፣ ስለ ኃይሌ ወይም ስለ ጥሩነሽ እንደሚሆን አውቃለሁ። እነርሱን የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ የለም። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ አንድ የክሪኬት ተጫዋች ነው። መሳቃችሁ አይቀርም፤ ባለቤቴም ስትሰማ ስቃለች። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ፣ የሰውየው ታሪክ ከኛ ኑሮ የራቀ አለመሆኑን ታያላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በታክሲዬ ውስጥ ነው። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት በዚህ በለንደን ከተማ ታክሲ ስነዳ 13 ዓመት ሆኖኛል። አንድ ቀን በደቡብ ለንደን ኦቫል ከሚባለው የክሪኬት ሜዳ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አሳፈርኩ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ከኢትዮጵያ መሆኔን ነገርኳቸው። እርሳቸው ደግሞ የኬፕታውን ሰው እንደሆኑ ነገሩኝ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያመለከቱ «የኛ ሰፈር ልጅ እዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ አንድ መንግሥት አስደነገጠ» አሉኝ። እስከ ክሮይደን ድረስ አወሩልኝ፤ ቤታቸው ደርሰንም ሒሳቡን ዘግቼ ጥቂት ደቂቃ አዳመጥኳቸው። ከዚያ በኋላ እኔም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የሰውየው ስም ባሲል ዶሊቬራ ይባላል።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ክሪኬትን ለማናውቀው በሁለት ቃል ላስረዳ። በሁለት በኩል ሦስት ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች መሬት ላይ ይተከላሉ። አንዱ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው ጠፍጣፋ እንጨት ይዞ በስተጀርባው የተተከሉትን እንጨቶች ይከላከላል። ኳሱን አርቆ ከመታ ከወዲያኛው መቺ ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ እያንዳንዱ ምልልስ አንድ ነጥብ ነው። ኳሱ እንጨቶቹን ከመታ፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣል። በዚያ ዙር ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ መቶ ነጥብ ሳይወጣ ያስመዘገበ ሰው ትልቅ ክብር አለው። በአገሮች መካከል የሚደረገው «ቴስት» የሚባለው ግጥሚያ አምስት ቀን ይፈጃል፤ በመካከሉ የምሳና የሻይ ዕረፍት አለ። እንደ አገራችን ሠርግ ቁጠሩት።

ባሲል ዶሊቬራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 በኬፕታውን ሲግናል ሂል በሚባል ኮረብታማ ሰፈር ተወለደ። በደቡብ አፍሪካ ሕግ «ከለርድ» ማለትም ክልስ ተብሎ የተመደበ ነበር። የአፓርታይድ ሥርዓት እንደሚታወቀው መኖሪያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አውቶቡሱን ሁሉ በቆዳ ቀለም የለየ ነው፤ ክሪኬቱም እንዲሁ ነበር። ነጮቹ ለምለም ሳር ላይ ይጫወታሉ፤ እነ ዶሊቬራ በድንጋያማ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ይጫወታሉ። ለአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን የሚመረጠው ነጭ ብቻ ነው። ዶሊቬራ በማተሚያ ቤት እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው እየተጫወተ፣ ነጭ ያልሆኑት ደቡብ አፍሪካውያን ቡድን አለቃ ለመሆን በቃ። በ1958 ቡድኑን መርቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዘመተና አሸንፎ ተመለሰ። ነገር ግን ከዚያ በላይ የሚወጣበት መሰላል አልነበረም።

በዚያው ዓመት አንድ ነገር አደረገ። ጆን አርሎት ለሚባል እንግሊዛዊ የሬዲዮ የክሪኬት ዘጋቢ ደብዳቤ ጻፈ። ሰውየውን አያውቀውም፤ በሬዲዮ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ደግ ሰው መስሎት ነው። «በእንግሊዝ አገር የምጫወትበት ሥራ ይገኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። አርሎት ደብዳቤውን አልጣለውም። ሁለት ዓመት ያህል ሲጠይቅለት ቆይቶ፣ በ1960 መጀመሪያ ላይ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ ሚድልተን የሚባል አነስተኛ ክለብ፣ ቀጥሮት የነበረው ታዋቂ ተጫዋች ስለቀረበት፣ ለአንድ የውድድር ወቅት በ450 ፓውንድ ሊቀጥረው ተስማማ። የአውሮፕላን ትኬቱን ግን ራሱ መቻል ነበረበት። ዶሊቬራ ደግሞ ያን ጊዜ ገና አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ለትኬት የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ትኬቱን የገዛለት የሰፈሩ ሕዝብ ነው። ግጥሚያ አዘጋጅተው መግቢያ አስከፈሉ፤ ቶምቦላ አወጡ፤ ከደሃ ቤት ሳንቲም ለቀሙ። ከነጮቹ ተጫዋቾችም አንዳንዶቹ ለርዳታው ግጥሚያ ተጫውተውለታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የኛ አባባል ነው፤ የኬፕታውን ሰዎች ግን በተግባር አሳዩት።

ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰልፈኞችን ከገደለ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ዶሊቬራ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ እንግሊዝ አገር ገባ። የነጭና የጥቁር ተብሎ ያልተለየ በር ሲያይ ግራ ገብቶት፣ በየትኛው መግባት እንዳለበት ያመነታ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ይህን ሳነብ እኔ ራሴ ወደዚህ አገር የገባሁበት ቀን ትዝ አለኝ። የተፈቀደልን ነገር ሁሉ እስኪለመደን ድረስ የተከለከለ ይመስለን የለ?

ከዚያም ውርደቱ መጣ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ያስመዘገበው በድምሩ 25 ነጥብ ብቻ ነበር። ምንጣፍ ላይ የለመደው ኳስ በረጠበው የእንግሊዝ ሳር ላይ ሌላ ዓይነት ጠባይ ነበረው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አቅጣጫውን ይለውጣል። ሲግናል ሂል ላይ ሳንቲሙን ያዋጣው ሕዝብ ወሬ ይጠብቃል፤ እርሱ ግን ብርዱ ውስጥ ቆሞ በየሳምንቱ ይወጣል። ቢሆንም አልተመለሰም። ከክለቡ ባልደረቦች እየጠየቀ፣ የለመደውን አመታት እያረመ እንደገና ተማረ። የውድድሩ ወቅት ሲያልቅ ነጥቡ 930 ደረሰ፤ በአማካይ ውጤትም ከሊጉ አንደኛ ወጣ። በዚያ ሊግ ይጫወት የነበረው የባርቤዶሱ ጋሪ ሶበርስ፣ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ሰው፣ ከእርሱ በታች ነበር።

በ1964 ዉስተርሺር የሚባለው የካውንቲ ቡድን ቀጠረው። በ1965 በካውንቲው ሻምፒዮና መጫወት ሲፈቀድለት በመጀመሪያ ጨዋታው ከመቶ በላይ ነጥብ አስመዘገበ፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት ዋንጫውን በላ። በሰኔ 1966 ደግሞ ሎርድስ ሜዳ ላይ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። የገዛ አገሩ ያልፈለገችው ሰው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ለሰው አገር ተመረጠ።

ስለ ዕድሜው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር ሲገባ ዶሊቬራ ዕድሜውን ቀንሶ ነበር የተናገረው። እውነተኛውን ቢናገር በ28 ዓመቱ ጀማሪ ነኝ የሚል ሰው ማን ይቀጥረዋል? ለእንግሊዝ ሲሰለፍ 34 ዓመቱ ነበር፤ ብዙ ተጫዋች ጫማውን የሚሰቅልበት ዕድሜ ነው። ውሸትን ለማመስገን አይደለም ይህን የማነሣው። ነገር ግን አንድ ሰው የገዛ ዓመታቱን ከወረቀት ላይ እንዲፍቅ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ዓመታቱን አስቀድሞ ሌላ ወስዶበት ነዋ! የዶሊቬራን ከ20 እስከ 28 ያለውን ዕድሜ፣ ለስፖርተኛ ወርቅ የሆነውን ጊዜ፣ የአፓርታይድ ሕግ በላው።

አሁን ሽማግሌው ተሳፋሪዬ በመስኮት ወዳመለከቱኝ ቀን እመጣለሁ። በ1968 በጋ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ ጋር አምስት ግጥሚያ ነበራት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመጓዝ ቀጠሮ ነበረው። ዶሊቬራ በመጀመሪያው ግጥሚያ 87 ነጥብ አስመዝግቦ ሳይወጣ ቢጨርስም ከቀጣዩ ቀረ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ክልስ ሰው በእንግሊዝ ማሊያ አገሩ እንዲገባ እንደማይፈቅድ ለአንዳንድ የእንግሊዝ ክሪኬት አለቆች አስቀድሞ ተነግሯቸው እንደነበር በኋላ ወጥቷል። በዚያው ሰሞን ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የአንድ ትምባሆ ኩባንያ ሰው ዶሊቬራን ለብቻው አግኝቶ፣ «ለጉዞው አልገኝም በልና በዓመት 4,000 ፓውንድ የሚከፈልህ የአሠልጣኝነት ሥራ እንስጥህ» አለው። መጀመሪያ በ450 ፓውንድ ለተቀጠረ ሰው ይህ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ አስቡት። ገንዘቡን አልወሰደም።

በነሐሴ 1968 በኦቫል ለሚደረገው የመጨረሻ ግጥሚያ አንድ መቺ ታመመና ዶሊቬራ በምትኩ ተጠራ። የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ 24 ነጥብ ይዞ አደረ። በማግሥቱ 31 ላይ ሳለ የመታው ኳስ በአውስትራሊያው በስተኋላ ተከላካይ በባሪ ጃርማን እጅ ገብቶ አመለጠ። ያ ኳስ ቢያዝ ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ባላደረግሁ ነበር። ዶሊቬራ ቀጠለ፤ መቶ አለፈ፤ 158 ላይ ሲወጣ ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በመጨረሻው ቀን ዝናብ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ተመልካቹ ራሱ ወርዶ ውሃውን ሲያደርቅ ዋለ። ጨዋታው ሲቀጥል እምቢ ብለው የቆሙትን የአውስትራሊያ መቺዎች ጥንድ ኳስ ወርውሮ የለያየው ራሱ ዶሊቬራ ነው። ያስወጣውም ያንኑ ኳሱን የሳተለትን ጃርማንን ነበር። እንግሊዝ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አሸነፈች።

በዚያው ሌሊት መራጮቹ ተሰበሰቡ። በማግሥቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙት ተጫዋቾች ስም በሬዲዮ ሲነበብ የዶሊቬራ ስም አልነበረም። እርሱ ያን ቀን ለዉስተርሺር ሲጫወት 128 ነጥብ አስመዝግቦ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር የሚሰማው። አለቀሰ። ጓደኛው ቶም ግሬቭኒ ደግፎ ወደ ቤቱ ወሰደው። ከዚህ በኋላ አገር ታወከ፤ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ከክሪኬቱ ክለብ አባላት በገዛ ፈቃዳቸው የወጡ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቶም ካርትራይት የሚባል ተጫዋች በትከሻ ሕመም ምክንያት ቀረና በቦታው ዶሊቬራ ተመረጠ። በማግሥቱ የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ብሉምፎንቴን ላይ ቆሞ፣ ይህ ቡድን የክሪኬት ቡድን ሳይሆን የአፓርታይድ ተቃዋሚዎች ቡድን ነው፣ አንቀበለውም አለ። ጉዞው ተሰረዘ።

ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። በ1970 ደቡብ አፍሪካ ወደ እንግሊዝ ልታደርገው የነበረው ጉዞ ተሰረዘ፤ ቀጥሎ የአውስትራሊያውም ቀረ። ደቡብ አፍሪካ ከመጋቢት 1970 እስከ ሚያዝያ 1992 አንድም የቴስት ግጥሚያ ሳትጫወት 22 ዓመት ተገልላ ኖረች። እዚህ ላይ የኛም አገር ድርሻ እንዳላት ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲደረግ፣ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ያለችው ደቡብ አፍሪካ እንዳትገባ ካደረጉት አንዱ የኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ዶሊቬራ ኦቫል ላይ በተጫወተበት በ1968ም ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች አንሳተፍም በማለታቸው ለደቡብ አፍሪካ የተሰጠው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ግብዣ ተሽሯል። ማሞ ወልዴ በማራቶን ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ ነው።

ዶሊቬራ ራሱ ፖለቲከኛ አልነበረም። ብዙ አይናገርም፤ ዝም አለ ብለው የወቀሱትም ነበሩ። እርሱ የሚያውቀው መምታት ብቻ ነው። እስከ 1972 ድረስ፣ 41 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው፣ ለእንግሊዝ 44 ጊዜ ተሰልፎ 2,484 ነጥብ አስመዘገበ፤ አምስት ጊዜ ከመቶ በላይ አገባ። በ1976፣ በ44 ዓመቱ፣ የጭን ጅማቱ ተጎድቶ ሳለ በአንድ እግሩ ቆሞ በዋንጫ ፍጻሜ 50 ነጥብ አስመዝግቧል። መጫወት ካቆመ በኋላ ዉስተርሺርን አሠልጥኖ በ1988 እና በ1989 ሻምፒዮን አደረገ። ልጁም የልጅ ልጁም ለዚያው ቡድን ተጫወቱ። ከ2004 ጀምሮ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ በቴስት ሲጋጠሙ አሸናፊው የሚወስደው ዋንጫ በስሙ ተሰይሟል። በኅዳር 2011 በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። የዛሬ 10 ዓመት ይህ ማኅበር ሲመሠረት ሁላችንም የአባልነት ቅጽ ሞልተናል። ባለፈው ወር ጸሐፊያችን ለዚህ መጽሔት የድሮ ፋይል ሲያገላብጥ የኔን ቅጽ አገኘና አሳየኝ። «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ላይ «ዩኒቨርሲቲ» ብዬ ጽፌአለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ በ1998 ዓ.ም. ማቋረጤን አልጻፍኩም። «ሥራ» በሚለው ላይ ደግሞ «ታክሲ፣ ለጊዜው» ይላል። ለጊዜው! ያ «ለጊዜው» 10 ዓመት ሞላው። ሰው ሲጠይቀኝ «ለኛማ አልፏል፤ አሁን ለልጆቹ ነው» እላለሁ። ብዙዎቻችን እንዲህ እንላለን። አነጋገሩ የወላጅ ፍቅር ይመስላል፤ ግማሹ ግን ፍርሃት ነው። የኔስ ቢያንስ ፍርሃት እንደነበር ዛሬ በፊታችሁ አምናለሁ።

ታክሲ መንዳት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ቤቴን ያቆመልኝ፣ ልጆቼን ያሳደገልኝ ሥራ ነው። ነገር ግን ባለፈው መስከረም የጀመርኩትን የምሕንድስና ትምህርት ለመቀጠል በማታ ክፍል ተመዝግቤአለሁ። ባለቤቴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን» ብላ ፈርታ ነበር፤ አሁን ግን ማታ ማታ መጽሐፌን የምታቀርብልኝ እርሷ ናት። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች የ19 እና የ20 ዓመት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ስገባ አስተማሪ መስያቸው ዝም አሉ። በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ያገኘሁት ከመቶ 28 ነው። ወረቀቱን መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አየሁትና በአምስት ጨዋታ 25 ነጥብ ያገኘውን ሰው አሰብኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። እጨርሰው እንደሆነ አላውቅም። መሄዴን ግን አላቆምኩም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመካከላችን በአገር ቤት ነርስ የነበረች፣ ዛሬ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ እኅት አለች። አስተማሪ የነበረ፣ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሣ ወንድም አለ። እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ችሎታ አይደለም። የጎደላቸው የቋንቋ ፈተና መክፈያ፣ የምስክር ወረቀት ማስተርጎሚያ፣ ሁለት ወር ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ነው። ዶሊቬራንም ያገደው ትኬት ነበር። ማኅበራችን በ10 ዓመት ውስጥ ሐዘንተኛ አጽናንቷል፤ አስከሬን አገር ቤት ልኳል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ለሞተ ሰው ትኬት ከቆረጥን በሕይወት ላለውም እንቁረጥ። ከወርሃዊ መዋጮአችን ጥቂቱ ለዚህ ተለይቶ እንዲቀመጥ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አቀርባለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ በየወሩ የአንድ ቀን ገቢዬን ለዚህ ሣጥን እሰጣለሁ።

ያ የኬፕታውን ሽማግሌ ከመኪናዬ ሲወርዱ፣ እናታቸው ለዶሊቬራ ትኬት ካዋጡት ሰዎች አንዷ እንደነበሩ ነገሩኝ። ስንት እንዳዋጡ አያስታውሱም። ኦቫል ላይ 158 ባገባ ቀን ግን እናታቸው «እኔም አለሁበት» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ሻይ ጠሩ አሉኝ።

እኛም አለንበት የምንልበት ቀን ያድርግልን።